የምናረጀው ለልጆቻችን ቦታ ለመልቀቅ ነው? ስለ እርጅና ሥነ ሕይወት የተካሄደ የመድረክ ክርክር

በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታይ ውይይቱን፣ የከፈተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ጠየቁት። የቆሰለ ቆዳ ይሽራል፣ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፤ ታዲያ ይህን ሁሉ መጠገን የሚችል አካል ራሱን እየጠገነ ዝንተ ዓለም የማይኖረው ለምንድን ነው? መምህሩ ለክፍሉ የሰጠውን መልስ መድረኩ ላይ አቀረበ። ሕያዋን የሚሞቱት ለተተኪው ትውልድ ምግብና ቦታ ለመልቀቅ ነው፤ ተፈጥሮ ይህን አስባ በየሕዋሱ ውስጥ ሰዓት አስቀምጣለች፤ ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን ያቆማል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሰውም ያልቃል። የሚያርመኝ ካለ በደስታ እቀበላለሁ ብሎ ጨረሰ።

መልሶቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤአለሁ። ጥያቄው የሁላችንም ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ተብራርቶ የማገኘውም ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ክርክሩ የሄደበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ስደርስም እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 እና 2 ከመምህሩ ጋር ይስማማሉ። አንደኛው አመስግኖ አለፈ። ሁለተኛው መጽሐፈ መክብብን ጠቅሶ፣ ትውልድ ሲሄድ ትውልድ የሚተካ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው አለ።

መልስ 3 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ስዊድን ውስጥ በዝግመተ ለውጥ ሥነ ሕይወት የዶክትሬት ትምህርቱን የሚከታተል ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስህተት ነው፣ ለተማሪ መነገሩም ያሳፍራል አለ። ሐሳቡን በ1880ዎቹ ያስፋፋው ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን እንደነበረና በኋላም ራሱ እየራቀው እንደሄደ አስታወሰ። ከዚያ ሁለት ቀዳዳ አሳየ። በመጀመሪያ ደረጃ የዱር እንስሳ አብዛኛው እርጅናን አያያትም። አይጥን ጉጉት ይበላታል፣ ብርድ ወይም ረሀብ ይጨርሳታል። አሮጌዎችን የሚያስወግድ ልዩ ዘዴ እንዲፈጠር መጀመሪያ የሚወገዱ አሮጌዎች በብዛት መኖር ነበረባቸው። ሁለተኛው ቀዳዳ ይብሳል። ሁሉም ለልጆች ሲል በሚሞትበት መንጋ ውስጥ አንዲት ያልታዘዘች ብትወለድ፣ ዕድሜዋ ስለሚረዝም ከሌሎቹ አብልጣ ትወልዳለች፤ ልጆቿም አለመታዘዟን ይወርሳሉ። ትውልድ በተተካ ቁጥር የእሷ ዘር እየበዛ ሄዶ መንጋውን ይሞላዋል። ለወገን ሲባል የመሞት ጠባይ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይጠፋል።

የነገሩ ይዘት ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን በቅን ልብ ለጠየቀ መምህር የሚገባ አልነበረም፤ መልስ 4 ላይ አንዲት ነርስ ይህንኑ ነገረችው። እሱም መልስ አልሰጣትም።

መምህሩ አልተቀየመም። መልስ 5 ላይ ተመልሶ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። የፓስፊክ ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ ወዲያው ይሞታል፤ ይህ ታቅዶ የተደረገ ሞት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? መልስ 6 የመጣው ሲያትል ከምትኖር ሴት ነው። በመከር ወራት ሳልሞኖቹ ከውቅያኖስ ወደ ተወለዱበት ወንዝ ሽቅብ ሲመለሱ ቆማ አይታለች። ወንዝ ከገቡ በኋላ አይበሉም፣ ጨጓራቸው ይሟሽሻል፣ ቆዳቸው ላይ ሻጋታ ይወጣል፣ እንቁላል ከጣሉ በኋላ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ። እሷ ራሷ የመምህሩን ሐሳብ የሚደግፍ መስሏት ነበር የጻፈችው። መልስ 7 ላይ ግን የዶክትሬት ተማሪው፣ በዚህ ጊዜ ረጋ ብሎ፣ የዓሣውን አካል የሚያፈርሰው ለመራባት ሲል ያለ ገደብ የሚለቀቀው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን መሆኑን አስረዳ። በ1961 በወጣ ጥናት ኮካኒ የተባለው ሳልሞን የመራቢያ ዕጢው ገና ሳይበስል ሲወጣለት፣ በ4 ዓመቱ ገደማ ይሞት የነበረው ዓሣ እስከ 8 ዓመት ኖሯል። የአትላንቲክ ሳልሞን ደግሞ አንዳንዱ እንቁላል ጥሎ ወደ ባሕር ይመለሳል፣ ሌላ ጊዜም ይራባል። የፓስፊኩ ሳልሞን ያለውን ጉልበት ሁሉ ለአንድ መራባት አሟጦ ስለሚሰጥ ነው የሚሞተው። ቦታ ለመልቀቅ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ስህተትን ሲያፈርስ ነበር። የቀናውን መልስ ያቆሙት መልስ 8 ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው፣ ሌሎቹም ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ጋሼ የተነሡት እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር በ1951 ለንደን ውስጥ ካደረገው ንግግር ነው። ሜዳዋር ስለ ላብራቶሪ ብርጭቆዎች ያለውን እሳቸው ወደ ቡና ቤት ሲኒ አመጡት። መቶ ሲኒ ያለው ቡና ቤት አለ እንበል። በየወሩ ጥቂቱ በአጋጣሚ ይሰበራል፣ በምትኩ አዲስ ይገዛል። ሲኒ አያረጅም፤ የቆየው ሲኒ ከአዲሱ ይልቅ ለመሰበር ቅርብ አይደለም። ሆኖም ከዓመታት በኋላ መደርደሪያው ቢታይ አብዛኛው የቅርብ ጊዜ ሲኒ ነው፤ አሥር ዓመት የሞላው ከስንት አንድ ነው። አሁን ሁለት ዓይነት የፋብሪካ ጉድለት እናስብ። ሲኒውን በመጀመሪያው ወር የሚሰነጥቅ ጉድለት ባለቤቱን ያከስረዋል፣ ዕቃውንም ወዲያው ይለውጣል። በአሥረኛው ዓመት የሚሰነጥቀውን ጉድለት ግን ልብ አይለውም፤ እዚያ የሚደርስ ሲኒ ከሞላ ጎደል የለምና። የተፈጥሮ ምርጫም ጂኖችን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሱትን የአካል መመሪያዎች፣ የሚመዝነው እንዲሁ ነው። በልጅነት የሚገድል ጂን ሳይወለድበት ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። በስተርጅና የሚገድል ጂን ግን ቀድሞ ወደ ልጆች ተላልፏል።

ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን ጋሼ የሃንቲንግተን በሽታን አነሡ። አእምሮን የሚያፈርሰው ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አብዛኛው ሰው እስከዚያ ወልዷል። ሜዳዋር ከመናገሩ በፊት ይህን ያስተዋለው የሥነ ሕይወት ሊቁ ጄ. ቢ. ኤስ. ሆልዴን ነበር። ከዚያ በ1957 አሜሪካዊው ጆርጅ ዊሊያምስ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። አንድ ጂን በወጣትነት ጥቂት ጥቅም፣ በእርጅና ብዙ ጉዳት ቢያመጣ፣ ተፈጥሮ ችላ ማለት ብቻ ሳይሆን ትመርጠዋለች። በ1977 ደግሞ ቶማስ ከርክዉድ የጉልበት ሒሳብ ጨመረበት። ዲኤንኤን ማረም፣ የተበላሸ ፕሮቲን ማስወገድ፣ ሕዋስን ማደስ ሁሉም ምግብ ይፈጃል። ዛሬ ወይም ነገ ነብር ሊበላው የሚችል እንስሳ ለመቶ ዓመት የሚበቃ ጥገና ቢያደርግ ለመውለድ የሚሆነው ጉልበት ይጎድልበታል። ስለዚህ አካል የሚጠገነው ለመውለድና ለማሳደግ የሚበቃውን ያህል ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው የዘር ሕዋስ ግን ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሳይበጠስ መጥቷል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የግድ ማርጀት አለበት የሚለውን ይህ አንድ እውነት ብቻውን ያፈርሰዋል።

መልስ 9 አጭር ነበር፣ ግን ፍትሐዊ። የዘር ሕዋስንና የቀረውን አካል ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ የለየው መልስ 3 ያጣጣለው ያው ቫይስማን ነው፤ ጋሼ የተናገሩትም በእሱ መሠረት ላይ ቆሞ ነው አለ። የዶክትሬት ተማሪው ይህን በአንድ መስመር ተቀበለ።

ከመልስ 11 እስከ 13 ያለው ስለ መምህሩ ሰዓት ነው። መልስ 11 የሰጠችው ቀደም ሲል ለመምህሩ የተቆረቆረችው ነርስ ናት። እስከ 1960ዎቹ መግቢያ ድረስ ሕዋስ ከአካል ወጥቶ ከተመገበ ለዘላለም ይከፈላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ አሌክሲስ ካሬል ከ1912 ጀምሮ ያሳደገው የዶሮ ልብ ሕዋስ 34 ዓመት ቆይቷል ተብሎ ሲነገር ሌሎች ሊደግሙት ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ፊላደልፊያ ውስጥ የሰው ጽንስ ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ተከፍለው እንደሚቆሙ አሳዩ። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ጂኖችን የሚሸከመው የክሮሞሶም ጫፍ የሆነው ቴሎሜር በእያንዳንዱ መከፈል ያጥራል። ይህን የሚያስረዝመውን ቴሎሜሬዝ በ1984 ያገኙት ኤሊዛቤት ብላክበርንና ካሮል ግሬይደር ከጃክ ሾስታክ ጋር የ2009ን ኖቤል ተሸልመዋል።

እስከዚህ መምህሩ ትክክል ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሰው ያልቃል የሚለው ግን አይሄድም አለች ነርሷ። ምክንያቶቿ ግልጽ ናቸው። የአንጎል ነርቮች አብዛኞቹ ከልጅነት ጀምሮ አይከፈሉም፣ አንጎል ግን ያረጃል። ከሽማግሌ የተወሰደ የቆዳ ሕዋስም ገና የመከፈል አቅም አለው። የላብራቶሪ አይጥ ቴሎሜር ከእኛ እጅግ ይረዝማል፤ ዕድሜዋ ግን 3 ዓመት ገደማ ነው። የመከፈል ገደቡ ይልቁንም የካንሰር ልጓም ይመስላል። ከ10 ካንሰሮች 9 ያህሉ ቴሎሜሬዝን መልሰው ያስነሣሉ፤ በ1951 ከካንሰር ሕመምተኛዋ ከሄንሪየታ ላክስ ዕጢ የተወሰዱት የሂላ ሕዋሳት ዛሬም በየላብራቶሪው ይከፈላሉ። መልስ 12 ይህን ከጋሼ ሐሳብ ጋር አገናኘው፤ እኔም ያላየሁትን አሳየኝ። ወጣቱን ከካንሰር የሚጠብቀው ልጓም ዊሊያምስ ያለውን ዓይነት ነገር ነው። መከፈል ያቆሙት ሕዋሳት በእርጅና ተከማችተው የሰውነት መቆጣትን (ኢንፍላሜሽን) የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ይረጫሉ። በ2011 እነዚህ ሕዋሳት ያለ ጊዜያቸው እንዲያረጁ ከተደረጉ አይጦች ሲወገዱ፣ የዓይን ሞራውና የጡንቻው መክሳት ዘግይቷል። መልስ 13 ይህ መድኃኒት የት ይሸጣል ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም፤ ለጤነኛ ሰው እርጅናን እንደሚገታ ተረጋግጦ የሚሸጥ የለምና።

ከዚያ የድሬዳዋ ልጅ መጣ። መልስ 14 የእኛው አገር እንስሳ አልተነሣም፣ እሱም ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው አለ። መልስ 15 ደግሞ ፍልፈል እኮ ባሌ ነው ያለው፣ ፀጉርም አለው ብሎ አፌዘበት። ሁለቱ ጥቂት ተካረሩ። እውነቱ ሁለት እንስሳ መሆናቸው ነው። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው። ፀጉር አልባው የሚኖረው በሞቃቱ ቆላ በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርት ሩፔል ለሳይንስ የገለጸው በ1842 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ናሙናም ከሸዋ የተገኘ ነው።

መልስ 16 ስለ እንስሳው የሚገባውን ያህል ጻፈ። ክብደቱ የአይጥ ያህል ነው፤ በመሬት ውስጥ በአንዲት ንግሥት ሥር በአማካይ ከ70 እስከ 80 ሆነው ይኖራሉ፣ የምትወልደውም እሷ ብቻ ናት። አይጥ 3 ዓመት ገደማ ስትኖር ይህ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ቤንጃሚን ጎምፐርዝ በ1825 እንዳሳየው ሰው ካደገ በኋላ የመሞት ዕድሉ በየ8 ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። በ2018 በወጣ፣ ከ3,000 በላይ ፀጉር አልባ ፍልፈሎችን መዝገብ በመረመረ ጥናት ግን የመሞት ዕድላቸው በዕድሜ ሲጨምር አልታየም። የዶክትሬት ተማሪው መልስ 17 ላይ ጥንቃቄ ጨመረ፤ በኋላ የዲኤንኤ ምልክቶችን ያዩ ጥናቶች ሕዋሳቸው ዕድሜ እንደሚቆጥር አሳይተዋል፤ በጣም ዘግይቶ ማርጀትና አለማርጀት አንድ አይደሉም። ይህ ሁሉ ከሲኒው ጋር ይገጥማል። ከመሬት በታች አዳኝ አነስተኛ ስለሆነ ረጅም ዕድሜ ላይ የሚደርሱ ብዙ ናቸው፤ ተፈጥሮም እዚያ ድረስ ታያለች። መብረር የሚችለው የሌሊት ወፍም ለዚህ ነው ከአይጥ እጅግ የሚልቀው፤ ጥቂት ግራም የምትመዝን አንዲት የሳይቤሪያ የሌሊት ወፍ 41 ዓመት ኖራለች። ስቲቨን ኦስታድም በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ጠረፍ አጠገብ ባለችው የሳፔሎ ደሴት፣ ትልልቅ አዳኞች በሌሉበት፣ ኦፖሰም የተባለው እንስሳ በየብስ ካለው ወንድሙ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚያረጅ በ1993 አሳይቷል።

መልስ 18 እና 19 ስለ አገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቅሬታ ናቸው። በውጭ ላብራቶሪዎች መንጋው እየተያዘ የሚጠናው እንስሳ እዚሁ ደጃችን ሳለ እኛ ለምን አናጠናውም? በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። እንስሳውን በተፈጥሮ ቦታው፣ በአዳኙና በድርቁ መካከል ለዓመታት መከታተል የሚችል ሰው ቅርብ መሆን አለበት፤ ከኬንያና ከሶማሊያ ባልደረቦች ጋር ቅርቦቹ እኛ ነን።

ከመልስ 20 እስከ 22 ክሩ ወደ ሃይማኖት ዞረ። አንዱ ማቱሳላ 969 ዓመት ኖሯል፣ ሳይንሳችሁ ይህን ያስረዳ አለ፤ ሌላው በንቀት መለሰለት፤ አስተባባሪው ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ነርሷ ብቻ ናት በአክብሮት የተናገረችው፤ አካል እንዴት እንደሚደክም መመርመር የአማኝንም የማያምንንም ልብ አይነካም ብላ።

የከረረው ግን ስለ ጾም ነበር። መልስ 23 የኛ ጾም ዕድሜ እንደሚያስረዝም በሳይንስ ተረጋግጧል ሲል፣ መልስ 24 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላይቭ ማኬይ በ1935 ምግባቸው የተቀነሰባቸው አይጦች ረዝመው እንደኖሩ ማሳየቱን ተቀብሎ ልዩነቱን ዘረዘረ። እዚያ የተቀነሰው የምግቡ ጠቅላላ መጠን ነው። እኛ ሥጋና ወተት እንተዋለን፤ ማታ ሽሮውንና እንጀራውን እስክንጠግብ ብንበላ ነገሩ ሌላ ነው። በጦጣዎች ላይ በአሜሪካ የተደረጉት ሁለት ረጅም ጥናቶችም በዕድሜ ርዝመት ላይ አልተስማሙም፤ ጤናን ግን በሁለቱም አሻሽሏል። ጾም የራሱ ምክንያት አለው፤ በላብራቶሪ አይጥ መደገፍ አያስፈልገውም የሚለው የመልስ 24 ሐሳብ የእኔም ነው።

በዚህ መሐል መልስ 25 ሆኖ አንድ ሻጭ ገባ፤ ኦክሳይድን የሚከላከል ክኒን እርጅናን ያቆማል ብሎ። ጋሼ ሲቆጡ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ዴንሃም ሃርማን በ1956 ሕዋስ ኦክስጅን ሲያቃጥል የሚፈጠሩ ጎጂ ቅንጣቶች ያስረጁናል ማለቱ እውነት ነው፤ ቅንጣቶቹን የሚያጠፋ ክኒን ዕድሜ ያስረዝማል የሚለው ግን በሰው ሲፈተን አልቆመም። በፊንላንድ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ የወጣው ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ጨምሮ አገኘው። ይህን እያወቁ ለሽማግሌ እናቶች ክኒን መሸጥ ነውር ነው አሉ ጋሼ። አስተባባሪው ማስታወቂያውን አነሣው፤ ደግ አደረገ።

መልስ 27 የድሮ ሰው 150 ዓመት ይኖር ነበር አለ። መልስ 28 በሰነድ የተረጋገጠው ትልቁ ዕድሜ የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማን 122 ዓመት መሆኑን ጠቅሶ፣ እኛ አገር ልደትን መመዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ስለሆነ የአያቶቻችንን ዕድሜ በግምት ነው የምናውቀው አለ። አማካይ ዕድሜያችን በ30 ዓመት ውስጥ በብዙ የጨመረውም እርጅና ስለዘገየ አይደለም። በ1990 ከ1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ ከ60 በታች ወርዷል። ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያመጡት ነው።

መልስ 29 የሲያትሏ ሴት ናት፤ ክሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱን ያመጣችውም እሷ ናት። ተፈጥሮ መውለድ ካቆመ አካል ዓይኗን የምታነሣ ከሆነ፣ ሴት በ50 ዓመቷ አካባቢ ከወር አበባ ካረጠች በኋላ ለምን 20 እና 30 ዓመት በጤና ትኖራለች? እሷን ያሳደገቻት አያቷ ናት።

የዶክትሬት ተማሪው መልስ 30 ላይ እህቴ ብሎ ጀምሮ በእርጋታ መለሰላት። ዊሊያምስ በዚያው በ1957 ጽሑፉ ይህን ነክቶታል፤ ልጇ ለረጅም ዘመን እናት የሚያስፈልገው ፍጡር፣ በዕድሜዋ ማምሻ አዲስ ከመውለድ ያሉትን ማሳደግ ይሻላታል። ክሪስተን ሆክስና ባልደረቦቿ ታንዛኒያ ውስጥ ከሃድዛ ሕዝብ ጋር ሆነው ባጠኑት ጥናት፣ አያቶች ሥራ ሥር ቆፍረው የሚያመጡት ምግብ እናትየው አራስ ስትሆን ትልልቆቹን ልጆች እንደሚያቆይ አይተዋል። ኦርካ የተባሉት የባሕር እንስሳትም እንስቶቹ በ40 ዓመታቸው ገደማ መውለድ አቁመው ለአሥርት ዓመታት ይኖራሉ፤ አሮጊቷም ሳልሞን ሲጎድል መንጋውን እየመራች ምግብ ወዳለበት ትወስዳለች። የልጅ ልጅ በሕይወት እስከተረፈ ድረስ የአያት ጂን አብሮ ይተርፋል፤ የተፈጥሮ ምርጫም እሷን ማየቱን አያቆምም።

መልስ 31 ታዲያ ወንድ አያቶችስ ብሎ ጠየቀ። ወንድ በ70 ዓመቱም ሊወልድ ስለሚችል ነው የሚሉ አሉ፤ ወንድና ሴት አብዛኛውን ጂን ስለሚጋሩ ለሴቷ የተመረጠው ለወንዱም ደረሰው የሚሉም አሉ። የዶክትሬት ተማሪው ወደ መጀመሪያው ያደላል፣ ጋሼ ወደ ሁለተኛው። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ በመላው ዓለም ማለት ይቻላል ሴቶች ከወንዶች የበለጠ መኖራቸው፣ ረጅም ዕድሜ መጀመሪያ ለማን እንደተመረጠ የሚያመለክት ይመስለኛል። ክሩ ገና አልተዘጋም።